የ65 ዶላሩና የ210 ዶላሩ ሃንድጋርድ፦ ሥዕል ላይ መንትያ፣ ጠመንጃ ላይ ባዳ

ነገሩን ከጅራቱ ልጀምር። 65 ዶላር የገዛሁት ሃንድጋርድ፣ ማለትም የጠመንጃ በርሜል መሸፈኛ፣ አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ጉድ ሠራኝ። ወር ሳይሞላ 210 ዶላር አውጥቼ ሌላ ገዛሁ። ሁለተኛው ጠመንጃዬ ላይ ከታሰረ አሁን ስምንት ወሩ ነው። ሁለቱን ኢንተርኔት ላይ ጎን ለጎን ብታዩአቸው መንትያ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር አሉሚኒየም፣ ሁለቱም 15 ኢንች፣ ሁለቱም ቀዳዳ በቀዳዳ። ልዩነቱ ያለው ሥዕሉ ላይ በማይታይ ቦታ ነው። ስለዚያ ቦታ ነው የማወራችሁ።

የኩባንያዎቹን ስም አልጠራም። አንዱን ለማማት፣ ሌላውን ለማስተዋወቅ አልተቀመጥኩም። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ዲዛይን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ። ስም ይዛችሁ ከምትሄዱ ምን ማየት እንዳለባችሁ ብታውቁ ይሻላል።

ለማያውቅ ሰው፣ ሃንድጋርድ ማለት በርሜሉን ከብቦ የሚሸፍነው፣ ግራ እጃችሁ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ክላሽ ላይ የምናውቀው ያ እንጨት ማለት ነው። ድሮ ሥራው አንድ ነበር፣ እጅ እንዳይቃጠል። ዛሬ ባትሪው፣ ሌዘሩ፣ ማንገቻው፣ ሁለት እግር ማቆሚያው ሁሉ የሚሰቀለው እሱ ላይ ነው። እነዚህን የሚሸከመው ጥርስ ወይም ቀዳዳ ደግሞ ሬል ይባላል።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ቀን ቀን መኪና እጠግናለሁ። አለቃዬ ከከተማው ወጣ ብሎ መሬት አለው፤ ድርቆሽ ያመርታል። እሱ ያመርታል፣ የዱር አሳማ ያወድማል። ቴክሳስ ውስጥ የዱር አሳማ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። አንድ መንጋ ገብቶ ካደረ ጠዋት ሜዳው በበሬ የታረሰ ነው የሚመስለው። ለዚህም ነው ሕጉ ለቀቅ ያለው። ከሴፕቴምበር 2019 ወዲህ የግል መሬት ላይ፣ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ፣ የዱር አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅባችሁም። ሌሊትም ይታደናል።

እኔ አሳማ አልበላም። ሚስቴ እንዲያውም የለበስኩትን ጋራዥ ውስጥ ሳላወልቅ ቤት አታስገባኝም። ሥጋውን የሚወስደው አለቃዬ ነው። እኔ የምሄደው ለሜዳውና ለጨዋታው ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ልጅ ሆኜ ጎጃም፣ አጎቴ ምንሽሩን አንግቶ ዝንጀሮ ከማሽላው ሲያባርር ሳይ ስላደግሁ ነው። የአጎቴ ምንሽር እንጨቱ አፈሙዙ ጥግ ድረስ ይሄዳል። እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ቢኖር አንድ የቆዳ ማንገቻ ብቻ ነው። ሌሊት ከሆነ ጨረቃ ትጠበቃለች፣ በቃ።

የኔው ተራ ኤአር-15 ነው፣ በርሜሉ 16 ኢንች። ስገዛው ባለ ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ሃንድጋርድ ነበረው። ከኋላ ስፕሪንግ ያለው ቀለበት ይይዘዋል፣ ከፊት ትንሽ ቆብ። ቀለበቱን ወደ ኋላ ስትስቡት ሁለቱ ቁራጮች እንደ ባቄላ እሸት ተከፍለው እጃችሁ ላይ ይወድቃሉ። ቀላል ነው፣ አይግልም፣ ርካሽ ነው። ለሰባት ለስምንት ወር ምንም ቅሬታ አልነበረኝም።

ቅሬታው የመጣው ተኩስ ቦታ ሄጄ አንድ ነገር ስሞክር ነው። በ100 ያርድ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ አምስት ተኮስኩ። ከዚያ ማንገቻውን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ወጥሬ፣ ሌላ አምስት። ሁለተኛዎቹ አምስቱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢንች ያህል ወርደው ገቡ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ ያው ሰው። የተቀየረው ማንገቻው መወጠሩ ብቻ ነው። ምክንያቱም የድሮው አሠራር ላይ ሃንድጋርዱም ማንገቻውም የፊት ጫፋቸው የሚያርፈው በርሜሉ ላይ ነው። ማንገቻ ስትወጥሩ በርሜል ትጎትታላችሁ። በርሜል ብረት ነው አይታጠፍም አትበሉኝ፤ ፀጉር ታህል ከታጠፈ 100 ያርድ ላይ ይታያል።

መፍትሔው ፍሪ ፍሎት የሚሉት ነው። ሃንድጋርዱ ከኋላ ብቻ፣ በርሜሉን ከጠመንጃው አካል ጋር ያሰረው ትልቅ ዳዶ ላይ ይታሰራል። ከፊት በርሜሉን የሚነካው ነገር የለም። ቱቦ ውስጥ እንደቆመ ዘንግ ማለት ነው። ቱቦውን ብትጎትቱት፣ ብትደገፉት፣ በርሜሉ አይሰማም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አስቡት፣ ያን ሁሉ ቱቦ፣ 15 ኢንች ሙሉ፣ የሚሸከመው ከኋላ ያለችው የሁለት ኢንች መጋጠሚያ ናት። እሷ ከላላች ሁሉም ነገር ገደል ገባ።

እኔ ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩም። ዋጋ ነው ያየሁት። 65 ዶላር፣ ባለ አምስት ኮከብ፣ ነገ ይደርሳል። ደረሰም። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ እንደ ጠመንጃ የሚቆጠረው ቁጥር የተመታበት የታችኛው አካል ስለሆነ ሃንድጋርድ እንደ ማንኛውም ዕቃ ፖስተኛ በር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሚስቴ ከፍታ አይታው የቫኪዩም ቱቦ መስሏት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አሰርኩት። ለማታው ልደርስ ነው የምቸኩለው። ባትሪውን በግራ፣ አረንጓዴ ሌዘሩን ከላይ ሰቀልኩ፣ ተኩስ ቦታ ሮጬ ሌዘሩን ከጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር መስቀል ጋር አገጣጠምኩ፣ ወደ አርባ ጥይት ተኮስኩ፣ መኪና ውስጥ ወርውሬው ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ሌሊት ወደ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ይሆናሉ። በነፋሱ በኩል ተኝተናል፣ አለቃዬ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ትልቁን መረጥኩ። በመነጽር ሳይ መስቀሉ ትከሻው ላይ ነው። ሌዘሩን ሳበራ አረንጓዴዋ ነጥብ ትከሻው ላይ የለችም። ፈለግኋት። ከኋላው ያለች ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጣለች። ጠመንጃውን በግራ እጄ ጠበቅ ሳደርገው ነጥቧ ተራመደች። ሳላላው ተመለሰች። መስቀሉ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ይዋሻል፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ በዚያ ጨለማ መለየት አልችልም። ቃታውን አልሳብኩም። ከቁጥቋጦው ማዶ ምን እንዳለ ሳላውቅ እንዴት ብዬ? አለቃዬ ተኮሰ፣ የቀሩት ተበተኑ። ከዚያ "ባትሪህ ለማስዋብ ነው የተሰቀለው?" ብሎኝ እስከ ሰኞ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ሞርሳ ላይ አስሬ አየሁት። ጫፉን በሁለት ጣት ይዤ ሳነቃንቀው ይሄዳል። በመለኪያ ሳየው ሁለት ሚሊሜትር የሚሆን ነው። ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። 15 ኢንች ርዝመት ላይ፣ ጫፉ አንድ ሚሊሜትር ሲሄድ ሌዘሩ 100 ያርድ ላይ ዘጠኝ ኢንች ተኩል ገደማ ይስታል። በሁለት አባዙት። ቁጥቋጦዋ ጋ ትደርሳላችሁ።

ፈታሁት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሃንድጋርዱ ጋር የመጣው ዳዶ አሉሚኒየም ነው። ሃንድጋርዱ እሱ ላይ ይሰካና አራት ትንንሽ ብሎኖች ከጎን ገፍተው ይጨቁኑታል። በቃ ይኼው ነው። አራት ብሎን ጫፉ ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ ተተክሎ። የሚይዝ ነገር የለም፣ የሚገፋ እንጂ። በርሜሉ ሲግል ዳዶው ይሰፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል፣ ብሎኖቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አራቱም ጉድጓድ ከክብ ወደ ሞላላ ተለውጧል፣ የሽንብራ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጎማ ብሎኑ ላልቶ ሲነዳ የከረመ መኪና ላይ የማየው ቁስል ነው። በርግጥ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ዘይቱን ሳልጠርግ፣ ብሎን እንዳይላላ የሚይዘውን ማጣበቂያ፣ ሎክታይት፣ ሳላደርግ ነው ያሰርኩት። ግን እንደገና በሥርዓቱ አጽድቼ፣ ሰማያዊ ሎክታይት አድርጌ፣ ጥብቀቱን የሚለካ መፍቻ፣ ቶርክ ሬንች፣ ይዤ አስሬው ነበር። ሦስት ጊዜ ተኩስ ቦታ ሄጄ በአራተኛው ላላ።

ሁለተኛውን ስገዛ ኮከብ አላየሁም። የመጋጠሚያውን ፎቶ ነው የፈለግሁት። ሦስት ነገር ነው ያየሁት፤ እናንተም እሱን እዩ። ዳዶው ብረት ነው ወይ? የኔው ብረት ነው። ሁለተኛ፣ ብሎኖቹ ይገፋሉ ወይስ ያቅፋሉ? የኔው ላይ ሃንድጋርዱ ከታች የተሰነጠቀ ነው፤ ብሎኖቹ ስንጥቁን ስበው ይዘጉታል፣ ቱቦው ዳዶውን ዙሪያውን አንቆ ይይዘዋል። ደግሞ ብሎኖቹ የሚያልፉት ዳዶው ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቢላላ እንኳ ወደ ፊት ሾልኮ አይወጣም፣ ብሎኑ ራሱ ማገጃ ነው። ሦስተኛ፣ የማይሽከረከርበት ነገር አለው ወይ? የኔው ከኋላ ሁለት ጆሮ አለው፤ የጠመንጃውን አካል ግራና ቀኝ ጨብጠው ይይዛሉ። ርካሹ ላይ ጆሮ የሚመስል ነገር ነበር፣ ግን በእሱና በአካሉ መሐል የመታወቂያ ካርድ ይገባል። ጌጥ ነው።

ስለ ማሰሩ ትንሽ ልበል። ራሳችሁ ልታደርጉት ከሆነ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ በርሜሉ ሥር ጥይት የሚገባበት ቦታ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም እዩ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የላይኛውን አካል በቀጥታ ሞርሳ ውስጥ እንዳትጨቁኑት። አሉሚኒየም ነው፣ ይጨረማመታል። ለዚሁ የተሠራ መያዣ አለ፣ አርባ ሃምሳ ዶላር ነው፣ ግዙት ወይ ተዋሱ። ዳዶው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ሞሊ ግሪስ ቀቡ። የጦሩ መመሪያ ለመደበኛው ዳዶ የማጥበቂያው ኃይል ከ30 እስከ 80 ፉት-ፓውንድ ይሁን ይላል። ክልሉ ሰፊ የሆነበት ምክንያት አለው። መደበኛው ዳዶ ከውጭ ዙሪያውን ጥርስ ስላለው ከበርሜሉ ጋዝ ወደ ኋላ የምትወስደው ቀጭን የጋዝ ቱቦ በጥርሶቹ መሐል ማለፍ አለባት። ስለዚህ ታጠብቃላችሁ፣ ቀዳዳው ቱቦዋ ፊት እስኪቆም ድረስ ትገፋላችሁ። ርካሹ ይህንን በስስ ሮንዴላዎች ነው የሚያስተካክለው። አንዷን ጨምር፣ አውጣ፣ ጨምር፣ አውጣ፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የአዲሱ ዳዶ ቀጭን ስለሆነ የጋዝ ቱቦዋ ከላዩ ታልፋለች፣ የምታስተካክሉት ነገር የለም። አምራቹ ያለውን ቁጥር ያዙ፣ ጨረሳችሁ።

ረጅም ሃንድጋርድ ከፈለጋችሁና ጠመንጃችሁ ላይ ያ ሦስት ማዕዘን የፊት ማነጣጠሪያ ካለ እሱ መውጣት አለበት፤ በአጭር የጋዝ ብሎክ፣ ማለትም በርሜሉ ላይ የጋዝ ቱቦዋን በሚይዝ ብረት፣ ይተካል። ፒኖቹ ሾጣጣ ናቸው፣ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚወጡት። በተሳሳተው በኩል ከመታችኋቸው ይብሳሉ። እኔ መካኒክ ነኝ ብዬ ጀምሬ በሁለተኛው ፒን ላብ አጠመቀኝ። ያለ ሥራዬ ነው ብዬ ለጠመንጃ ጠጋኝ ሰጠሁት።

ትንንሾቹን ብሎኖች በተመለከተ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ የሠራውን ስሙ። መመሪያው 35 ኢንች-ፓውንድ ይላል። እሱ 35 ፉት-ፓውንድ አደረገው። ልዩነቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ነው። የጎማ ብሎን የለመደ እጅ ነዋ። የብሎኑ ራስ ቀጭ ብሎ ወጥቶ ጣራውን መታ። ለዕቃ ማሰሪያ ብሎኖች ኢንች-ፓውንድ የሚለካ ትንሽ ቶርክ ካቻቢቴ ያዙ። አምስት መቶ ጊዜ ባትጠቀሙበትም አንድ ቀን ዋጋውን ይመልሳል።

ካሰርኩ በኋላ እንደ ልማዴ ነጭ የቀለም ብዕር አንስቼ ከብሎኑ ራስ ተነስቼ ሃንድጋርዱ ላይ የምታልፍ አንዲት መስመር አሰመርኩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች፣ መፍቻ ሳታነሱ በዓይን ታውቃላችሁ። ስምንት ወር፣ ስድስት መቶ ጥይት ግድም፣ መኪና ኋላ ላይ ስንት መንገጫገጭ። መስመሯ ዛሬም ቀጥ ብላ አለች። የማንገቻውን ሙከራ ደገምኩት፤ አምስት በከረጢት፣ አምስት በውጥር ማንገቻ። ሁለቱ ስብስቦች ተደራርበው ገቡ፣ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ሰው ሃንድጋርድ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም።

የድሮው ፒካቲኒ ነው፣ ያ ጥርስ ጥርስ ያለው። ስሙ ኒው ጀርሲ ካለው የአሜሪካ ጦር የፒካቲኒ መሣሪያ ማዕከል የመጣ ነው። መስፈርቱ የወጣው በፌብሩዋሪ 1995 ሲሆን የሰነዱ ስም ሚል-ስታንዳርድ-1913 ይባላል። ብዙ ሰው 1913ን ዓመተ ምሕረት ያደርገውና "መቶ ዓመት የተፈተነ" ይላል። የሰነድ ቁጥር ነው ወገኖቼ። የጥርሶቹ ክፍተት 5.23 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ ክፍተት መሐል እስከ ሌላው መሐል 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከእሱ በፊት ዊቨር የሚባል ነበር፣ ክፍተቱ ጠበብ ይላል። ለዚህ ነው የዊቨር ዕቃ ብዙውን ጊዜ ፒካቲኒ ላይ የሚገባው፣ የፒካቲኒው ግን ዊቨር ላይ እምቢ የሚለው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ይህቺን አትርሱ።

የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነት ፎቶዎች ላይ የወታደሮቹ ጠመንጃ በአራቱም ጎን ጥርስ የሆነው ይኼው ነው። ጠንካራ ነው፣ የትም ቦታ ምንም ይሰቅላል። ግን ይከብዳል፣ ባዶ እጅ ላይ ደግሞ የካሮት መፈቅፈቂያ ነው። አንድ ቀን ከአለቃዬ ተውሼ ይዤው ውዬ ማታ ሽሮ ስበላ በርበሬው ጣቶቼን ለበለበኝ።

ከዚያ "ጥርሱን ሁሉ ለምን እንሸከማለን? ቀዳዳ ይሁን፣ የፈለግንበት ቦታ ብቻ እንሰር" የሚል ሐሳብ መጣ። በ2012 ኪሞድ ወጣ። ቀዳዳው የቁልፍ ማስገቢያ ይመስላል፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ። ማግፑል የሚባለው ኩባንያ ደግሞ በ2014 ኤም-ሎክን አወጣ። ይኼኛው ተራ ሞላላ ስንጥቅ ነው። የዕቃው ብሎን ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ዳዶ ስንጥቁ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ብሎኑን ስታዞሩት ሩብ ዙር ዞሮ ከውስጥ ጋደም ይልና ይቆልፋል። የበር መወርወሪያ አስቡ። ዳዶው በትክክል መዞሩን ደግሞ በብሎኑ ራስ ላይ ሳይሆን ከውስጥ በኩል በባትሪ አይታችሁ አረጋግጡ። ካልዞረ የታሰረ ይመስላችኋል እንጂ አልታሰረም።

ሁለቱ ለተወሰኑ ዓመታት ተፎካከሩ። ጨዋታው ያበቃው የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ዕዝ አንዱን ለመምረጥ ሲነሳ ነው። ኢንዲያና፣ ክሬን በምትባል ቦታ ያለው የባሕር ኃይሉ ማዕከል ሁለቱንም ጣላቸው፣ ጎተታቸው፣ ፈትቶ አሰራቸው። ውጤቱ በ2017 ይፋ ሆነ። ዕቃ ተፈትቶ ሲመለስ ኤም-ሎክ ላይ የታየው መዛነፍ በአማካይ 1.3 ኤምኦኤ ነበር፣ ማለትም 100 ያርድ ላይ ከአንድ ኢንች ትንሽ በለጥ። ጭነት ላይ ደግሞ በአንዳንዱ ሙከራ ከሌሎች ዓይነት ሬሎች ሦስት እጥፍ በላይ ችሏል። ዕዙ ኤም-ሎክን መረጠ፣ ገበያውም ተከተለ። ዛሬ ኪሞድ ሃንድጋርድ በግማሽ ዋጋ ብታገኙ አትደነቁ። ሃንድጋርዱ ላይሰበር ይችላል፣ ግን የሚሰቀልበት ዕቃ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

የኔው ከላይ ሙሉውን ፒካቲኒ፣ ከጎንና ከታች ኤም-ሎክ ነው። ለኔ ልኩ ይኼ ነው። ባትሪው በቀጥታ ኤም-ሎኩ ላይ ታስሯል፣ ሌዘሩ ከላይ ጥርሱ ላይ። ሌዘሩን ፈትቼ ስመልሰው እኔም አንድ ሁለት ኢንች ያህል ሲዛነፍ አይቻለሁ። ስለዚህ የትኛውም ሃንድጋርድ ቢሆን ሌዘር ፈታችሁ ካሰራችሁ ሳትፈትኑ ለአደን እንዳትወጡ። መነጽራችሁን ደግሞ አንዱን እግሩን ጠመንጃው አካል ላይ፣ ሌላውን ሃንድጋርዱ ላይ አታቁሙት። ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ሬል ይመስላል፣ ግን ሁለት የተለያየ ቤት ነው።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ፣ የአሉሚኒየም ሁሉ ጠባይ ነው። ሁለት ካዝና ቶሎ ቶሎ ከተኮሳችሁ ይግላል። የጋዝ ብሎኩ ያለበት አካባቢ በተለይ። ጃንዩዋሪ ላይ ደግሞ ተቃራኒው፣ እንደ በረዶ ጣት ያጣብቃል። ጓንት ወይም ቀዳዳዎቹ ላይ የሚለጠፍ የላስቲክ መሸፈኛ መፍትሔ ነው። በዚህ በኩል የድሮው ፕላስቲክ ይበልጠዋል። ባትሪ የማይሰቅል፣ ማንገቻ የማይወጥር፣ ዝም ብሎ 50 ያርድ ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ፕላስቲኩን ባይቀይር አልፈርድበትም። ፕላስቲክ ሆኖ ኤም-ሎክ ያለውም አለ፣ ከ50 ዶላር በታች፣ ያለ ሞርሳና ያለ ቶርክ ሬንች በአምስት ደቂቃ የሚገባ። ለቀላል ባትሪ ይበቃል። ለሌዘር አይሆንም።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ 16 ኢንች በርሜል ላይ 15 ኢንች ሃንድጋርድ እጅ ለዘረጋ ሰው ደስ ይላል፣ ዕቃ ለመደርደርም ቦታ ይሰጣል። አጭር ሰው ወይም ጠመንጃው አፍንጫው ከበደኝ የሚል 13 ይውሰድ። እኔ እንደገና ብገዛ 13 ነው የምወስደው። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ዕቃ መሙላት በሽታ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባትሪ፣ ሌዘር፣ የፊት እጀታ፣ ሁለት እግር ማቆሚያ፣ ተጨማሪ ሽቦ ሁሉ ሰቅዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ በንጉሡ ጊዜ ወታደር የነበሩ፣ ኤም ዋን ተሸክመው ኦጋዴንን በእግራቸው ያቋረጡ። ቤት መጥተው ሲያዩት መነጽራቸውን አድርገው ዞር ዞር ብለው መረመሩትና "ልጄ፣ ይኼ ጠመንጃ ነው ወይስ የገና ዛፍ?" አሉኝ። በማግስቱ ባትሪና ሌዘሩን አስቀርቼ ሌላውን አወረድኩ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ቀነሰ።

በነገራችን ላይ የፊት እጀታ ጠመንጃ ላይ ችግር የለውም። ያው ኤአር ሆኖ በሕግ እንደ ሽጉጥ የሚቆጠረው አጭሩ ላይ ቀጥ ያለ እጀታ ከሰቀላችሁ ግን የፌዴራል ሕግ ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ ጣጣው ብዙ ነው። የክፍለ ሀገሮቹም ሕግ ይለያያል፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ቴክሳስ ያለ ሰው ያደረገውን አይታችሁ አትግዙ። አገር ቤት በሻንጣ ላስገባ ለሚል ደግሞ፣ አታስቡት። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) ቀልድ አያውቅም።

210 ዶላሩ ቆጨኝ ወይ? ሲከፈል አዎ። ሚስቴ "የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነው" ብላኛለች፣ አልተከራከርኩም። ግን የተቆጨሁበት 65ቱ ነው፣ እሱን ሳስር ያባከንኩት ሰዓት፣ ያ ሁሉ ሮንዴላ፣ ያቺ ቁጥቋጦ። ሜይ ላይ እዚያው ሜዳ ተመልሰን ተኝተን ነበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ነፋስ። ሌዘሩን ሳበራ አረንጓዴዋ ነጥብ መስቀሉ ላይ ቁጭ አለች። በግራ እጄ ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ጨበጥኩ። አልተራመደችም። አለቃዬ ትንፋሼን ሰምቶ በሹክሹክታ "በል እንግዲህ" አለኝ።

ርካሹን አልሸጥኩትም፣ ለሰው ለመስጠትም ኅሊናዬ አልፈቀደም። ጓሮ ቃሪያው ዙሪያ ተተክሎ የቃሪያው ግንድ በመሐሉ አድጎበታል፣ ቅርንጫፎቹ በኤም-ሎኩ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ወጥተዋል። ሚስቴ እንኳ ለእሱስ ረክታለች።